ውሉን ያጸደቀው ማን ነው?



በመካከላችን የውሃ ምህንድስና፣ የሕግ፣ የግብርናና የሥራ አመራር ተማሪዎች ብዙ ነን። ትምህርታችንን ስንጨርስ፣ ኢንሻአላህ፣ ጥቂት የማንባለውን በአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት፣ በአንድ የመስኖ ፕሮጀክት ወይም በአንድ የፍትሕ ቢሮ ወንበር ይጠብቀናል። እዚያ ወንበር ላይ ሆነን ከምንጽፋቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዷን ከአሁኑ እናውቃታለን፦ «ከኅብረተሰቡ ጋር ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደርሷል።» ለተግባር ልምምድ ወጥተን የተመለስን ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ሪፖርት ውስጥ አግኝተናታል። ከኋላዋ ስምና ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት ይያያዛል። ያ ፊርማ ግን ምን ይመሰክራል? ሰውየው በስብሰባው መገኘቱን ነው ወይስ በጉዳዩ መስማማቱን?

በዚህ እትም ይህን ጥያቄ ራቅ ካለ አገር በመጣ ታሪክ ልናነሣው ወደድን። የራስን ነገር በሌላው ታሪክ ውስጥ ማየት አንዳንዴ ይቀላል፤ ንዴቱ ይበርዳል፣ ዓይንም ይጠራል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ ሞንታና በተባለችው ግዛት፣ ከካናዳ ድንበር ጥግ ብላክፊት የተባለ ጎሣ ይኖራል። እኛ አገር በልማድ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። አባላቱ ከ17,000 በላይ ናቸው። የተከለለላቸው መሬት 1.5 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 6,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ኤፕሪል 20 ቀን 2017 የጎሣው አባላት ድምፅ ለመስጠት ወጡ። የተጠየቁት፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲደራደሩበት የኖሩትን የውሃ መብት ስምምነት ይቀበሉት እንደሆነ ነበር። ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹ ተቀበሉት።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ውሃና ብዙ ወረቀት አለ። ለእኛ ግን ከሁሉ በላይ የምታስተምረን ያቺ የድምፅ ቀን ናት። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መቶ ዓመት ያህል መመለስ ያስፈልጋል።

በፍርድ ቤት የተገኘ ውሃ

በምዕራብ አሜሪካ ወንዝ የሚከፋፈልበት ደንብ አጭር ነው፤ ቀድሞ የጠለፈ ቀድሞ ይወስዳል። ድርቅ ሲመጣ ኋላ የመጣው ቦዩን ይዘጋል፣ ቀድሞ የመጣው እስኪረካም ይጠብቃል። ደንቡ ለሰፋሪው ገበሬ ተስማሚ ነበር። ነባሮቹ ሕዝቦች ግን ከማንም በፊት በወንዙ ዳር ቢኖሩም እንደ ሰፋሪዎቹ ቦይ ቆፍረው አላስመዘገቡም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «ቀድሞ የጠለፈ» ተብሎ የሚጻፍ ስም አልነበራቸውም።

በ1905 ድርቅ ገባ። ከብላክፊቶች በስተምሥራቅ፣ ፎርት ቤልክናፕ በተባለው ክልል የሚኖሩ ጎሣዎች ውሃ የሚያገኙት ሚልክ ከተባለው ወንዝ ነበር። ከላይ በኩል የሰፈሩ ገበሬዎች ወንዙን ስለጠለፉት የታችኞቹ ቦይ ደረቀ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጃንዋሪ 1908 በዊንተርስ መዝገብ የተሰጠው ፍርድ እስከ ዛሬ የነባር ሕዝቦች የውሃ ሕግ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በ1888 በተደረገው ስምምነት መንግሥት ይህን መሬት እያረሳችሁ ኑሩበት ብሎ ከለለላቸው፤ መሬቱ ያለ ውሃ ዋጋ ስለሌለው ውሃውም አብሮ ተከልሎላቸዋል። መብቱ የሚቆጠረው መሬቱ ከተከለለበት ጊዜ ነው፤ ስላልተጠቀሙበትም አይጠፋም።

በዚያው በ1908 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ሐሳብ ለብላክፊቶች አዋለው። በክልላቸው ደቡባዊ ጠርዝ የሚፈሰውን በርች ክሪክ የተባለ ወንዝ አንድ የመስኖ ኩባንያ ጠልፎት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ የጎሣው ድርሻ እንዲጠበቅ ወሰነ።

እንግዲህ ቁጥሩን እናስላ። ብላክፊቶች በፍርድ ቤት ያሸነፉት በ1908፣ የውሃ ስምምነታቸውን ያጸደቁት በ2017 ነው። በመካከሉ 109 ዓመት አለ። ፍርዱን በአያቱ ዕቅፍ ሆኖ የሰማ ሕፃን አርጅቶ፣ ልጆቹም አርጅተው ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

አማናውን የተሸከመው ማን ነበር?

ያ ሁሉ ዘመን ለምን ባከነ? አንደኛው ምክንያት ፍርድ ቤት ማድረግ ከሚችለው ጋር የተያያዘ ነው። ፍርዱ መብቱ እንዳለ ተናገረ እንጂ ጎሣው ለዘለቄታው ምን ያህል ውሃ እንደሚገባው ሰፍሮ አላስቀመጠም። ግድብ የሚገደብበት፣ ቧንቧ የሚዘረጋበት ገንዘብም ከፍርድ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ አይመጣም። የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ፤ መዝገቡ በአሸናፊነት ተዘግቶ ቤቱ ግን ውሃ ላይደርሰው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል። በአሜሪካ ሕግ የጎሣዎችን መሬትና ውሃ በአደራ የሚጠብቀው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ሥራው የተሰጠውም ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያው መሥሪያ ቤት ሥር ደግሞ ለሰፋሪ ገበሬዎች ግድብና ቦይ የሚሠራ ክፍል አለ። አማናውን የተሸከመው እጅና ውሃውን የሚጠልፈው እጅ የአንድ ሰውነት እጆች ሆኑ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የትኛው እጅ እንደሚበረታ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

የሴንት ሜሪ ቦይ ለዚህ ምስክር ነው። የሴንት ሜሪ ወንዝ ከሮኪ ተራሮች ተነሥቶ በብላክፊቶች ክልል ያልፍና ወደ ካናዳ ይፈሳል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት በዚሁ ክልል ላይ 47 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ወደ ሚልክ ወንዝ አዞረው። ውሃው በካናዳ ምድር ዞሮ እንደገና ሞንታና ይገባል፤ በምሥራቅ በኩል ያለውን ከ100,000 ኤከር በላይ የሚሆን የገበሬ ማሳም ያጠጣል። በ1909 ደግሞ አሜሪካና፣ በካናዳ ስም፣ ብሪታንያ ውል ተፈራርመው ሁለቱን ወንዞች ተካፈሉ። በውሉ ላይ የሁለት መንግሥታት ፊርማ አለ። ወንዙ በደጃቸው የሚፈሰው ሰዎች ፊርማ የለም፤ ምን ትላላችሁ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው አባባላችን ሞንታና ድረስ የተሰደደ ይመስላል።

ሦስት በሮች

ሞንታና በ1979 አንድ ኮሚሽን አቋቋመች። ሥራው በግዛቱ ካሉት ጎሣዎች ጋር ስለ ውሃ ፍርድ ቤት ከመካሰስ ይልቅ ተቀምጦ መደራደር ነበር። የብላክፊቶች ድርድር ዓመታትን ፈጀ። በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ወገን ተቀመጠ፤ ጎሣው፣ የሞንታና ግዛትና የፌዴራሉ መንግሥት። ከበስተኋላ ደግሞ በዚያ ውሃ እያረሱ የኖሩ ጎረቤት ገበሬዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የሰው ሐቅ በልተናል ብለው አያስቡም። የሚያርሱት ከአያቶቻቸው የወረሱትን መሬት ነው፤ ቦዩንም የሠራው መንግሥት ነው። በደሉ እውነት ሆኖ ሳለ ከፊትህ የተቀመጠው ሰው በዳይ አለመሆኑ፣ የውሃን ድርድር ከሌላው ሁሉ ያከብደዋል።

የላይኛውና የታችኛው ሰው ዕጣ የተሳሰረ መሆኑን በቅርቡ የሆነ ነገር አሳይቷል። በጁን 2024 ወደ መቶ ዓመት የተጠጉት የሴንት ሜሪ ቦይ ግዙፍ የብረት ቧንቧዎች ፈነዱ። ውሃው በብላክፊቶች ክልል ላይ ተደፋ፤ በታች ያሉት ገበሬዎችም ወደ እነሱ የሚመጣው ውሃ ተቋረጠባቸው። ከላይ ያለው ሰው ሳይረጋጋ ከታች ያለው ተረጋግቶ ሊያርስ አይችልም።

ወደ ስምምነቱ እንመለስ። የተደራደሩበት ሰነድ ሦስት በሮች ማለፍ ነበረበት። የመጀመሪያው የሞንታና ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲሆን በ2009 አጸደቀው። ሁለተኛው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው። ረቂቁ ከ2010 ጀምሮ ደጋግሞ ቀረበ፣ ደጋግሞም አደረ። በመጨረሻ በዲሴምበር 2016 አለፈና ፕሬዚዳንት ኦባማ ፈረሙበት። ሦስተኛው በር የጎሣው አባላት ድምፅ ነበር። የጎሣው መሪዎች መደራደራቸው፣ ኮንግረስም ሕግ ማውጣቱ ብቻ በቂ ተብሎ አልታለፈም። እረኛው፣ አስተማሪዋ፣ ጡረተኛውና ሥራ አጡ ወጣት ሁሉ ሰነዱን ተቀበልኩ ወይም አልተቀበልኩም የሚሉበት ቀን ተቆረጠ።

ምን አገኙ? በዓመት ከ800,000 ኤከር-ጫማ በላይ የገጸ ምድር ውሃ መብታቸው መሆኑ በሕግ ተረጋገጠ። አንድ ኤከር-ጫማ 1,233 ሜትር ኩብ ያህል ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ 50,000 ኤከር-ጫማው ያለ ፈቃዳቸው ከተጠለፈው ከሴንት ሜሪ ወንዝ ነው። ከፌዴራሉ መንግሥት 422 ሚሊዮን ዶላር፣ ከሞንታና 49 ሚሊዮን ዶላር ተመደበላቸው። ገንዘቡ ለመጠጥ ውሃ መስመር፣ ያረጀውን መስኖ ለማደስና ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚውል ነው።

ምን ሰጡ? ከዚህ በፊት በውሃቸው ላይ ለደረሰው ጉዳት መንግሥትን የመክሰስ መብታቸውን ተዉ። ውሃውን ሲጠቀሙበት የኖሩ ጎረቤት ገበሬዎች በድንገት ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ጥበቃ ሰጧቸው፤ በ1908 በፍርድ ባሸነፉበት በበርች ክሪክ ላይ እንኳ አዲስ ልማታቸውን ለዓመታት ለማቆየት ተስማሙ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መቶ ዓመት የተበደለ ሰው የበዳዩን ዕዳ ሰርዞ፣ የጎረቤቱንም ማሳ አስቦ ነው ከጠረጴዛው የተነሣው።

የጠማው ሰው ፊርማ

ይህን ያነበበ ወንድም ወይም ያነበበች እህት ወዲያው የሚያነሡትን ጥያቄ እናውቃለን፤ እኛም እርስ በርሳችን ተከራክረንበታል። መቶ ዓመት ውሃ ያጣ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ቢፈርም ምን ይደንቃል? የራሱን ሐቅ ለማግኘት ካሣውን መተው ነበረበት? በፊቅህ ትምህርታችን ውል የሚጸናው በሁለቱ ወገኖች ውዴታ መሆኑን፣ ተገዶ የገባበት ሰው ውል ጥያቄ እንደሚነሣበት ተምረናል። ጥም ከግዴታ ይቆጠራል ወይ? ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ከብላክፊቶች መካከልም ስምምነቱን ተቃውመው ድምፅ የሰጡ ነበሩ፤ እነሱን ተሳስታችኋል ለማለት እኛ ማን ነን?

እምቢ ማለትስ ምን ያስከትላል? ይህን ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ ናቫሆዎች እንሻገር። ናቫሆዎች በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ የተዘረጋ ሰፊ ክልል አላቸው። በዚያ ክልል ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ የቧንቧ ውሃ የለውም። በዓለም ሀብታም በሆነች አገር ውስጥ ሰዎች በርሜል በመኪና ጭነው ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይነዳሉ። በ2012 የአሪዞና ሴናተሮች ጆን ካይልና ጆን ማኬን በሊትል ኮሎራዶ ወንዝ ላይ የስምምነት ረቂቅ አቀረቡ። የናቫሆ ምክር ቤት መረመረውና አልቀበልም አለ።

እምቢታው ዋጋ አስከፈለ። በርሜል መጫኑ ቀጠለ። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ በ1868 ከናቫሆዎች ጋር የተፈረመው ውል መንግሥት ውሃ እንዲያመቻችላቸው አያስገድደውም ብሎ ፈረደ። በዊንተርስ መዝገብ የተገኘው መብት አልተሻረም፤ መብቱን ወደ ቧንቧ የሚለውጥ ግን በፍርድ ቤት በር እንደማይገኝ ግልጽ ሆነ። በሜይ 2024 ናቫሆዎች፣ ሆፒዎችና ሳን ሁዋን ሳውዘርን ፓዩቶች በየምክር ቤታቸው አዲስ ስምምነት አጸደቁ። አዲሱ ስምምነት 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ፣ በ2012 ከቀረበላቸው እጅግ የሚበልጥ ነው። የዚያ ዘመን ኮንግረስ ግን ሳያጸድቀው የሥራ ጊዜውን ጨረሰ። የእነሱ በር ተከፍቶ የሌላው በር ተዘግቶ ቀረ።

ከሁለቱ ጎሣዎች ታሪክ የምንወስደው ይህን ነው። እሺም እምቢም ዋጋ አላቸው። የብላክፊቶች እሺታ ካሣ አስቀርቷል፤ የናቫሆዎች እምቢታ ዓመታት ፈጅቷል። የትኛው እንደሚሻል ከሩቅ ሆኖ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ልናውቀው የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል እሺታው ምንም አይመዝንም። የብላክፊቶችን ድምፅ ዋጋ የሰጠው፣ ያን ቀን «አይሆንም» የሚለው ምርጫም በወረቀቱ ላይ መኖሩና ቢያሸንፍ ስምምነቱን ማስቆም መቻሉ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ ጎሣዎቹ ወደ ድርድር የገቡት ባዶ እጃቸውን አይደለም። የራሳቸው ጠበቃና የራሳቸው የውሃ ባለሙያ ነበራቸው። የወንዙን ፍሰት ሌላው ወገን ለክቶ ሲነግራቸው አምነው አልተቀበሉም፤ በራሳቸው ባለሙያ አስመረመሩት። ሁለተኛ፣ ሰነዱ በአንድ ጀምበር ተነቦ የተፈረመ አልነበረም። የሞንታና ምክር ቤት ካጸደቀው በኋላ እንኳ ለድምፅ እስኪቀርብ ስምንት ዓመት አልፏል። የኮንግረሱ መዘግየት በደል ቢሆንም፣ ሕዝቡ ስለ ሰነዱ የሚከራከርበት ጊዜ ግን አልጠፋም።

የማንቀበለውንም እንናገር። እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን መንግሥት ለድሆች ያደረገው ችሮታ አስመስለው የሚያወሩ አሉ። በአሜሪካ ከ1978 ጀምሮ ከ30 በላይ የጎሣዎች የውሃ ስምምነቶች ጸድቀዋል፤ አንዳቸውም ችሮታ አልነበሩም። ገንዘቡ የሚከፈለው ፍርድ ቤት መብት ነው ላለው ነገር፣ ያውም አደራ ተቀባዩ ለመቶ ዓመት ሳይፈጽመው ለቆየው ግዴታ ነው። የራስን ሐቅ በከፊል መቀበል ምሕረት ማድረግ ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩን ተመጽዋች አያሰኘውም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ይህን ታሪክ የምናነብ ኢትዮጵያውያን የ1909ኙን የአሜሪካና የብሪታንያ ውል ስንሰማ ሌላ ውል ትዝ ይለናል። በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲካፈሉ፣ ለወንዙ ብዙውን ውሃ የምታበረክተው አገር በጠረጴዛው አልነበረችም። ጉዳዮቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ኢትዮጵያ ሉዓላዊ መንግሥት ናት፣ ብላክፊቶች ደግሞ በሌላ መንግሥት ሥር ያሉ ጎሣ ናቸው። ስሜቱ ግን ይገባናል። ሳንጠየቅ በተፈረመ ውል አንገዛም ስንል አድገናል፤ ትክክልም ነን።

እንግዲያው ይህንኑ ሚዛን ወደ ውስጥ እናዙረው። በ1960ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ሲስፋፉ የአፋር አርብቶ አደሮች በደረቅ ወራት ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጡ። በካርታው ላይ ቦታው ባዶ መስሎ ታይቶ ነበር። ቦይ ስላልቆፈሩ ተጠቃሚ ተብለው አልተመዘገቡም፤ ልክ እንደ ሞንታና። በድንበር ማዶ ሲሆን የሚያስቆጣን ነገር በቀበሌ ሲሆን የማይታየን ከሆነ፣ ቁጣችን ለፍትሕ መሆኑ ያጠራጥራል።

የዛሬው ተማሪ የነገው መሐንዲስ፣ ዳኛ ወይም የፕሮጀክት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ያቺን የታወቀች ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችን በፊት ራሳችንን ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ እንማማል። ሰዎቹ ሰነዱን በሚገባቸው ቋንቋ፣ የሚያስቡበትና የሚማከሩበት ጊዜ አግኝተው ሰምተውታል? በእኛ ቁጥር ላይ ብቻ ከመመሥረት ይልቅ እነሱ የሚያምኑት ባለሙያ ወይም አዋቂ ሽማግሌ አይቶላቸዋል? «አይሆንም» ቢሉስ፣ ፕሮጀክቱ በእርግጥ ይቆም ወይም ይስተካከል ነበር? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሳችን «አይ፣ መሠራቱ አይቀርም ነበር» ከሆነ፣ ስብሰባው የተጠራው ሊነገራቸው እንጂ ሊጠየቁ አልነበረም። ሪፖርቱም እንደዚያ ይበል፤ ቢያንስ አንዋሽ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የሕግና የውሃ ምህንድስና ተማሪዎችም ይህን አስቡበት። በአካባቢያችሁ ከተሠሩት የመስኖ ወይም የመጠጥ ውሃ ሥራዎች አንዱን ምረጡ። የፊርማውን ወረቀት አውጡ፤ ከዚያም የፈረሙትን ሰዎች ቤት ለቤት ሄዳችሁ «ምን ላይ ነበር የፈረማችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሱ የምታገኙት ትምህርት ከብዙ ክፍለ ጊዜ የሚበልጥ ይመስለናል። ውጤቱንም በዚህ መጽሔት ለማተም ዝግጁ ነን።

ብላክፊቶች ድምፅ በሰጡ ማግስት ውሃው በየቤቱ አልፈሰሰም። የቧንቧ መስመር ዓመታት ይፈልጋል፤ በጀትም ይጠበቃል። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ወንዝ የሚጻፍ ውል ሁሉ የሚያልፍበት በር ታውቋል። መሐንዲሱም ሚኒስትሩም አንኳኩተው የሚገቡበት የባለቤቱ በር ነው። እኛም ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ይህን በር የምናንኳኳ ሰዎች ያድርገን።